ኤችደብሊው 97ኬ በጅማ፦ ከወራት በኋላ ስለ አየር ጠመንጃውና ስለ ጥይቱ

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገር። ጠመንጃው በጣም ጥሩ ነው። ግን ከወራት አጠቃቀም በኋላ አንድ ሰው «ገንዘቤን ምን ላይ ላውል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ መልሴ «ጥይቱ ላይ» ነው። ስኮፑም (አጉልቶ የሚያሳየው ማነጣጠሪያ መነጽር)፣ ጠረጴዛውም፣ ሌላው ጌጣጌጥም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለዚህ ነው ይሄ ግምገማ ስለ ጠመንጃ ተጀምሮ አብዛኛው ክፍሉ ስለ ትንንሽ የእርሳስ ጥይቶች የሚሆነው።

የምገመግመው የጀርመኑን ቫይራውክ ኤችደብሊው 97ኬ ነው። የጥይቱ ውፍረት 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ባሩድ የለውም፤ በሞላ፣ ማለትም ተጨምቆ ሲለቀቅ በሚዘረጋ ጥምዝምዝ ብረት፣ ነው የሚሠራው። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን ዘንግ ወደ ኋላ ስትስቡት ሞላው ይጨመቃል። ምላጩን ስትስቡ ሞላው ፒስቶኑን ወደፊት ይወረውረዋል፣ ፒስቶኑ ፊቱ ያለውን አየር ያምቀዋል፣ የታመቀው አየር ደግሞ ጥይቱን ይገፋዋል። አፈሙዙ የማይታጠፍ በመሆኑ ከተኩስ ተኩስ ቦታውን አይለቅም። ክብደቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው። የራሱ ማነጣጠሪያ የለውም፤ ስኮፕ የግድ ነው። የኔ ጉልበቱ ወደ 16 ጁል የሚጠጋው ዓይነት ነው። በእንግሊዝ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ጣሪያ እዚያው አካባቢ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ጣሪያው 7.5 ጁል ብቻ ነው። ስለዚህ ስትገዙ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፤ በመልክ አይለያዩም።

ስለ ፈቃድ አጭር ነገር ልበል። አየር ጠመንጃም ቢሆን መሣሪያ ነው። ከማስገባታችሁ በፊት ፖሊስንም ጉምሩክንም ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። «ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኛል» የሚባለውን መንገድ አልመክርም። ጥይቱንም ቢሆን አየር መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የምተኩሰው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰቃ በኩል ባለው የአማቼ ይዞታ ላይ ነው። ከኢላማው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ አለ። ይሄ ለድርድር አይቀርብም። 16 ጁል ዓይን ያጠፋል፣ በቅርብ ርቀት ከዚያም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። አማቼ መጀመሪያ ቀን ድምፁን ሰምተው አላመኑም።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ተተኮሰ ነው የምትለኝ? ምንሽር እንኳን ሰፈሩን ያናውጥ ነበር።»

«አባባ፣ ባሩድ የለውም። አየር ነው የሚገፋው።»

«ድምፅ የሌለው ይብሳል። እረኞቹ ሳይሰሙ ይገቡበታል።»

ልክ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ከብቶቹ ወደ ውኃ ወርደው እስኪመለሱ አይተኮስም። ኢላማው አጠገብ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛም ወፍም ሞልቷል፤ ወደነሱ ማንም አያነጣጥርም። እኛ የምንተኩሰው ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጅማ አየር እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ ደግሞ የሚያምቀው ሲሊንደሩ ውስጥ ያገኘውን አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሌላም አለ። ፒስቶኑ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሚያለዝበው ከፊቱ ያለው የታመቀ አየር ነው። አየሩ ካነሰ ፒስቶኑ ጠንከር ብሎ ያርፋል። በተለይ ጥይቱ በጣም ቀላል ከሆነ ቶሎ ያመልጥና ፒስቶኑ ብረት ላይ ይጋጫል። ትከሻችሁ ላይ ይሰማችኋል።

በሌላ በኩል ሳስ ያለ አየር ጥይቱን የሚይዘው ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ትንሽ ዝግ ይላል፣ በጉዞው ላይ ግን ፍጥነቱን በተሻለ ይጠብቃል። ሁለቱ ተደምረው የሚሰጡት ውጤት፣ ጥይት በየርቀቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ከሚያሳይ፣ በዝቅተኛ ቦታ ከተሠራ ሠንጠረዥ ጋር ልክ አይገጥምም። አውሮፓ ውስጥ የተሠራ ሠንጠረዥ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ጅማ ላይ በ50 ሜትር ልምታ ብትሉ ያሳስታችኋል። የራሳችሁን ሥሩ። እኔ በየ5 ሜትሩ ተኩሼ ያገኘሁትን ጽፌ ሰደፉ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለመነሻ ያህል የኔ እንዲህ ነው። ስኮፑን በ30 ሜትር ልክ አደረግሁት። በ20 ሜትር ልዩነቱ አይታይም ማለት ይቻላል። በ40 ሜትር ጥይቱ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በ50 ሜትር ግን ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የመጨረሻዋ 10 ሜትር ከፊተኞቹ ሁሉ የባሰች ናት። በ10 ሜትር ላይም ዝቅ ብሎ ነው የሚመታው፤ ይሄ ብዙ ጀማሪ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ስኮፑ ከአፈሙዙ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። ጥይቱ ገና ወደ ዓይናችሁ መስመር አልደረሰም።

አሁን ጥይቱ።

የአየር ጠመንጃ ጥይት ሦስት ክፍል አለው። ከፊት ጭንቅላቱ፣ መሐል ቀጭን ወገቡ፣ ከኋላ ደግሞ ክፍት የሆነ ቀሚስ መሳይ ጅራቱ። ጭንቅላቱ በአፈሙዙ ውስጥ ባለው ጥምዝ (ጥይቱን በሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ) ላይ ተመርቶ ይሄዳል። ቀሚሱ በአየሩ ግፊት ተለጥጦ አፈሙዙን ይዘጋል። አንደኛው ከተበላሸ ሌላው አያድነውም። ቀሚሱ በጉዞ ላይ ተጨፍልቆ ከመጣ አየሩ በአንድ ጎን ይሾልካል፤ ጥይቱም ከአፈሙዝ ሲወጣ ይገፋና መንገዱን ይስታል። ስለዚህ ከመጫኔ በፊት እያንዳንዱን አያለሁ። የተጣመመውን አስቀምጠዋለሁ፤ ለቅርብ ርቀት ልምምድ ይሆናል።

ቅርጽ ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ለ10 ሜትር የተሠራ ነው። ወረቀት ላይ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ይተዋል፣ ነጥብ ለመቁጠር ይመቻል። የኦሊምፒክ የ10 ሜትር ተኳሾች የሚጠቀሙት እሱን ነው። የነሱ ኢላማ ላይ 10 ነጥብ የምታሰጠዋ ቦታ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ስለዚህ ቀልድ የለም። ግን ጠፍጣፋው ከ25 ሜትር በኋላ መበተን ይጀምራል። ሾጣጣው ለዓይን ያምራል፣ ገበያ ላይም ብዙ ይወደሳል። ጫፉ በልክ መሐሉ ላይ እንዲሆን አድርጎ መሥራት ግን ከባድ ነው፤ በኔ አፈሙዝ አንዱም አልሠራም። ለርቀት ፊቱ ድቡልቡል የሆነውን ውሰዱ። አበቃ።

ከሞከርኳቸው ውስጥ አንደኛ የሆነልኝ ጄኤስቢ ኤግዛክት ነው፤ የጭንቅላቱ ስፋት 4.52 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 0.547 ግራም። በ25 ሜትር ላይ ከጠረጴዛ ተደግፌ የተኮስኳቸው አምስት ጥይቶች በአንድ ብር ሳንቲም ሥር ተሰብስበው ይደበቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ቦታ ይተርፋል። ሁለተኛው የጀርመኑ ኤች ኤንድ ኤን ፊልድ ታርጌት ትሮፊ ነው፤ 0.56 ግራም። በጣም ይቀራረባሉ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ልዩነታቸውን ለማየት 50 ሜትር መድረስ ያስፈልጋል። ከጄኤስቢ ከበድ ያለውን፣ 0.67 ግራሙን፣ በጉጉት ነበር የጠበቅሁት። ነፋስን ይቋቋማል የሚለው እውነት ነው። በኔ ጠመንጃ ጉልበት ግን ዝግ ይላል፣ አወራረዱም ይጨምራል። ርቀቱን በአንድ ሁለት ሜትር ከሳታችሁ ከፍታውን ትስታላችሁ። ጠንከር ላለ ጠመንጃ የተሻለ ይመስለኛል።

ከከተማ ያገኘሁት አንድ ርካሽ ጥይትም ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አንዳንዱ በጣት ሲገፋ ወለል ብሎ ይገባል፣ አንዳንዱ በግድ ነው የሚገባው። በ25 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ተበተነ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ስኮፕ፣ ያው እጅ፣ ያው ጠዋት። «ጠመንጃዬ አይመታም» የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እየተኮሰ እንደሆነ ነው።

ሌላው የማይመች ነገር ከእርሳስ ሳይሆን ከቀላል ብረት የተሠሩት ጥይቶች ናቸው። ሣጥናቸው ላይ «በሰከንድ 380 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ዓይነቱ ጥይት ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋና ሲያልፍ ይንገዳገዳል፤ ቅርጹ ለዚያ አልተሠራም። ለልከኛ ምት ከ300 በታች መቆየት ይሻላል። የኔው 0.547 ግራም በ16 ጁል ሲሰላ በሰከንድ 240 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ይላል። አይበቃም የምትሉ ካላችሁ ወረቀቱን ላሳያችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ጉዳይ። የቆርቆሮው ጀርባ ላይ የምርት ዙር ቁጥር አለ። አንድ ስም፣ አንድ ክብደት፣ አንድ መጠን የተጻፈባቸው ሁለት ቆርቆሮዎች ዙራቸው ከተለያየ በአንድ አፈሙዝ የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። የምንናገረው ስለ ሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። የሚስማማችሁን ዙር ካገኛችሁ ገንዘብ እስካላችሁ ድረስ ከዚያው ዙር ደርድሩ። አንዱ ቆርቆሮ 500 ፍሬ ይይዛል። ለእኛ ዕቃ እንደልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ምክር እጥፍ ዋጋ አለው።

የጥይት ዓይነት ስትቀይሩ ደግሞ ቶሎ አትፍረዱ። አፈሙዙ ውስጥ የቀደመው እርሳስ ስስ ሽፋን ትቶ ይሄዳል። አዲሱ እስኪላመድ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን ለአፈሙዙ ስጡት፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቁጠሩ።

ክብደት መመዘን ይጠቅማል ወይ? የግራም ሺሕኛ የምታነብ ትንሽ ሚዛን አለችኝ። በ25 ሜትር በመመዘን የመጣ ለውጥ አላየሁም። በ50 ሜትር ግን ከመሐል ወጥተው ወደ ታች የሚያፈነግጡት ቀነሱ። ለውድድር የሚያስብ ሰው ይመዝን። ለመዝናናት ከሆነ ቀሚሱን በዓይን ማየት ይበቃል፤ ጊዜያችሁን ለመተኮስ አውሉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ከአየር ጠመንጃ ልውጣ፤ ነገሩ ተመሳሳይ ስለሆነ። በአሜሪካ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ (ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ) ይዘው በ200፣ በ300 እና በ600 ያርድ የሚወዳደሩ ተኳሾች አሉ። 600 ያርድ ወደ 550 ሜትር ነው። የነሱም ታሪክ የጥይትና የአፈሙዝ ጋብቻ ታሪክ ነው። የድሮው የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ፣ የኤም 16፣ አፈሙዝ ውስጡ ያለው ጥምዝ በ12 ኢንች አንድ ዙር ነበር፤ ለ55 ግሬን፣ ማለትም ለ3.6 ግራም ገደማ ጥይት ይበቃል። ረጅምና ከባድ ጥይት ግን በዚያ አፈሙዝ በበቂ ፍጥነት አይሽከረከርም፣ ይገለባበጣል። የዛሬዎቹ ተወዳዳሪዎች በ7 ወይም በ8 ኢንች አንድ ዙር የሚያዞር አፈሙዝ የሚይዙት ለዚህ ነው። በቅርቡ ርቀት 77 ግሬን፣ 5 ግራም የሆነውን ይተኩሳሉ፤ ካዝና ውስጥ ይገባልና። 600 ላይ ብዙዎቹ 80 ግሬኑን ይመርጣሉ። እሱ ግን ጫፉ ረዝሞ ካዝና ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ይዘው ጥይቱን አንድ በአንድ በእጃቸው ያጎርሱታል። ሕጉም ያንን ይፈቅዳል።

ይሄን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከፊል አውቶማቲክ አጎራረስ ፈጣን ነው፣ ግን ጥይቱን በኃይል ገፍቶ ያስገባዋል፣ ርዝመቱንም ይወስንበታል። በእጅ ስታጎርሱ ግን እያንዳንዱ ጥይት እንዴት እንደገባ በአውራ ጣታችሁ ታውቃላችሁ። የኔው 97ኬ የሚጎርሰው አንድ በአንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰዎች እንደ ጉድለት ሲያነሱት ነበር። ለኔ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። በጣም ላልቶ ወይም ጠብቆ የገባውን እዚያው አውቄ ለወረቀቱ አልቆጥረውም። ከፊል አውቶማቲክ የአየር ጠመንጃም አለ። ግን ጠንከር ያለው በታመቀ አየር ታንክ የሚሠራ ነው፣ 200 ባር ወይም ከዚያ በላይ የሚሞላ ፓምፕ ወይም ሲሊንደር ይፈልጋል። እኔ ጅማ ውስጥ የሚሞላልኝ ቦታ አላገኘሁም።

ነፋሱ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ለቀላል ጥይት ትንሿ ነፋስ ትልቅ ናት። ጉንጫችሁ ላይ በቀላሉ የሚሰማ፣ በሰከንድ 2 ሜትር የሚሆን የጎን ነፋስ በ25 ሜትር ላይ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይገፋል። በ50 ሜትር እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ገደማ ነው። ለዚህ ነው የምተኩሰው ጠዋት በማለዳ፣ ጉሙ ተነሥቶ ቅጠሉ ሳይንቀሳቀስ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሊመጣ ሲል ነፋሱ አቅጣጫውን እየቀያየረ ይመታል። ያኔ በኢላማውና በእኔ መካከል ባሉት ሁለት እንጨቶች ላይ ቀጭን ክር እሰቅላለሁ፤ ከማንም መሣሪያ ይልቅ እውነቱን ይነግረኛል።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር። የሞላ ጠመንጃ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሳይወጣ በፊት መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ጠንክሮ መያዝ አይሆንም። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ማስደገፍም አይሆንም፤ ይነጥራል። እኔ አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ መዳፌን እዘረጋለሁ፣ ጠመንጃው መዳፌ ላይ ያርፋል፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ። ጠረጴዛውን የሠራልኝ የጅማ አናጢ ነው፤ ከባድ እንጨት፣ ሦስት እግር። ሦስት እግር መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆንም አይነቃነቅም። በርጩማ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ይሄን ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

ይሄው የሁለት አቅጣጫ ንቅናቄ ስኮፕ ይሰብራል። ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራ ውድ ስኮፕ እንኳን በሞላ ጠመንጃ ላይ ሊበላሽ ይችላል፤ የተሠራው ለአንድ አቅጣጫ ምት ነውና። «ለአየር ጠመንጃ» ተብሎ የተሠራ፣ ኢላማው እስከ 10 ሜትር ቢቀርብም ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ግዙ። ቡሎኖቹንም በየጊዜው እዩ። የምት ቦታው በድንገት ሲሸሽባችሁ መጀመሪያ ካቻቢቴ አንሡ።

የጅማ ክረምት ከሁሉም የሚከብደው ፈተና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አይለቅም፣ እርጥበቱ ቤት ውስጥም ይገባል። ብረቱን በእጃችሁ ነክታችሁ ሳትወለውሉ ብታሳድሩት የጣት ምልክት በዝገት ተስሎ ታገኙታላችሁ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በስሱ ዘይት የነካው ጨርቅ አሳርፉበት። በሽፋን ቦርሳው ውስጥ ግን አታስቀምጡት፤ ቦርሳው እርጥበት ያቅፋል። ዘይቱ ውጭውን ብቻ ይንካ። ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ከገባ በግፊቱ ሙቀት ይቀጣጠላል፣ ጭስና ፍንዳታ ታያላችሁ፣ ፍጥነቱ ይዘበራረቃል፣ ጎሚኒውም (የፒስቶኑ ማሸጊያ ላስቲክ) ይጎዳል። ያለ ጥይትም አትተኩሱ፤ የሚያለዝበው ስለሌለ ፒስቶኑ ራሱን ይመታል። ጥይቱም እርጥበት አይወድም፤ እርሳሱ ላይ ነጭ ዱቄት ያበቅላል። ቆርቆሮውን ከድኑ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ያ ነጭ ዱቄት መርዝ ነው፤ እርሳሱም እንደዚያው። ተኩሳችሁ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ። ጥይት አፍ ውስጥ የመያዝ ልማድ ያለው ሰው አይቻለሁ፤ አታድርጉት። ልጆች ቆርቆሮውን አይንኩት። የተተኮሰውን እርሳስ ከኢላማው ጀርባ ባለ ሣጥን ሰብስቡ፣ ወደ አፈሩና ወደ ወንዙ አይሂድ።

የማይመቸኝ ምንድን ነው? ክብደቱ። ቆሞ ለመተኮስ 4 ኪሎ ላይ ስኮፕ ሲጨመር ክንድ ይደክማል። ልጅ እግር ወይም ሰውነቱ ቀጠን ያለ ሰው ዘንጉን ስቦ ለመሙላትም ይቸገራል። መለዋወጫ እዚህ አይገኝም፤ ትርፍ ሞላና ጎሚኒ ከመጀመሪያው አብራችሁ እዘዙ። ምላጩ ላይ ግን አንድም እንከን አላወጣሁም። የት ላይ እንደሚለቅ ታውቃላችሁ፣ ሁልጊዜም እዚያው ይለቃል።

ለመግዛት የምታስቡ እንዲህ አድርጉ። ከሦስት አራት ዓይነት ድቡልቡል ጥይት አንዳንድ ቆርቆሮ አምጡ፤ 4.51 እና 4.52ን ጨምሩበት። ነፋስ በሌለበት ጠዋት በ25 ሜትር ሁሉንም ሞክሩ፣ ወረቀቶቹ ላይ ስማቸውንና የዙር ቁጥራቸውን ጻፉ። ያሸነፈውን በ50 ሜትር ድገሙት። እኔ አሁን የቀረኝ አንድ ያልተከፈተ የጄኤስቢ ቆርቆሮ ነው። የሚቀጥለው ሲመጣ ዙሩ ስለሚለይ 4.51ንም አብሬ አዝዣለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ተኩሼ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።